በእሳቱ ቀን የሽቦ በራቸውን የከፈቱት የወይዘሮ አልቪና ሮሌደር የሕይወት ታሪክ

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ወንበሮች ላይ ከተቀመጣችሁት መካከል፣ ወይዘሮ አልቪና ዋሲንገር ሮሌደር መንግሥትን አታልለው ገንዘብ የበሉ ሴት ናቸው ብሎ የሚያምን አለ? የመንግሥት መዝገብ እንደዚያ ይላል። በቴልፎርድ ካውንቲ የእርሻ ቢሮ ውስጥ፣ ከስማቸው ጎን፣ «በማወቅና በማታለል» የሚል ቃል ተጽፎ ተቀምጧል። ዛሬ የምንቀብረው አስከሬናቸውን ነው። ያ ቃል ግን አብሯቸው አይቀበርም። ስለዚህ ይህ የሕይወት ታሪክ በዚህ መድረክ እንደለመድናቸው ለስላሳ አይሆንም። አባ ሌዮ ጥቂት እንድናለዝበው በትሕትና ጠይቀውን ነበር፤ እኛ ቤተሰቦቻቸውም በትሕትና እምቢ ብለናል።

ወይዘሮ አልቪና ከአባታቸው ከአቶ አሎይስ ዋሲንገርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓውሊና ሽታብ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1941 ከኖይፌልድ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የዋሲንገሮች እርሻ ተወለዱ። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛዋ ነበሩ። ወቅቱ የስንዴ አጨዳ ስለነበር አባታቸው ሕፃኗን ያዩት ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። አልጋው አጠገብ ቆመው «ስንዴው ዝናብ ሳይነካው ገባ፤ ልጅቱም ጤነኛ ናት፤ ከዚህ በላይ የሚለምን ስግብግብ ነው» አሉ ይባላል።

በዚያው በዓለም ጦርነቱ ዘመን የስንዴ ዋጋ ሰማይ ሲነካና የመንግሥት ሰዎች በየገበሬው ደጅ እየዞሩ «እረሱ፣ እረሱ» ሲሉ፣ አቶ አሎይስ ማረሻ ነክቶት የማያውቀውን ኮረብታ ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። ጥቂት ዓመት አበላቸው። በአምሳዎቹ ድርቅ መጣ፤ ነፋሱም የኮረብታውን አፈር እንደ ዱቄት ያነሣው ጀመር። ልጅ አልቪና ከእናታቸው ጋር በውኃ የተነከረ አንሶላ በመስኮቱ ላይ ሲወጥሩ፣ አባታቸው ከውጭ ገብተው ባርኔጣቸውን አራገፉና «ኮረብታችን ወደ ኔብራስካ ሄዷል፤ ግብሩን ግን እዚሁ እኛ ነን የምንከፍለው» አሉ። ወይዘሮ አልቪና ይህን ሲተርኩ ይስቁ ነበር። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይመለከቱ ነበር፤ ኮረብታው ያለው በዚያ በኩል ነው።

ትምህርታቸውን አንድ ክፍል ብቻ ባለው የገጠር ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ሴት መነኮሳት በሚያስተምሩበት የኖይፌልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1959 አጠናቀቁ። መነኮሳቱ መምህርት እንዲሆኑ ፈልገው ነበር። እሳቸው ግን በገበሬዎች ማኅበር ጎተራ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን ሚዛኑ የወንድ ሥራ ነበር። በሚዛኑ ቤት የሠሩት ሦስት ዓመት ቢሆንም፣ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት አንድ ነገር አለ። አንድ ትልቅ ገበሬ ሾፌሩን ከመኪናው ሳያወርድ ስንዴውን ሊያስመዝን ሲሞክር፣ የሃያ ዓመቷ አልቪና በመስኮቱ ብቅ ብለው «ልጁንም ለወፍጮ ቤት ነው የሚሸጡልን?» ብለውታል። ሾፌሩ ወረደ። ትልቁ ገበሬ ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቤት ቢልም ሥራ አስኪያጁ ከመሳቅ በቀር ምንም አላደረገም።

በ1962 በአንድ የሰርግ ጭፈራ ላይ ሦስት ጊዜ እግራቸውን ከረገጧቸው ከአቶ ሊያንደር ሮሌደር ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሴት ልጃቸው ጃኔልና ወንድ ልጃቸው ከርት ተወለዱላቸው፤ አንድ ሕፃንም በተወለደ በሳምንቱ አጥተዋል፤ ስሙ ኦቶ ነበር። ከአባታቸው የወረሱትን ያንን ኮረብታና የባላቸውን የቤተሰብ መሬት አንድ ላይ አርሰው፣ ላም አልበው፣ በሰማንያዎቹ ባንክ የጎረቤቱን ሁሉ እርሻ ሲወስድ የራሳቸውን ሳያስነጥቁ ቆዩ።

አሁን ለዛሬው ቁጣችን ምክንያት ወደሆነው ነገር ደርሰናል።

በ1987 መንግሥት ነፋስና ጎርፍ የሚወስደውን መሬት ሣር አልብሶ ጾም ለሚያሳድር ገበሬ በየዓመቱ ድጎማ እከፍላለሁ አለ። ውሉ እንደየጊዜው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሣሩ አይታጨድም፤ ከብት አይገባበትም። አቶ ሊያንደር ውሉን በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያነቡ «መንግሥት አባትሽን ሣሩን ገልብጠህ ስንዴ ዝራ አለው፤ እኔን ደግሞ ስንዴውን ገልብጠህ ሣር ዝራ ብሎ ሊከፍለኝ ነው፤ እኔ ስሞት ከርትን ምን ያስገለብጡት ይሆን?» አሉ። ወይዘሮ አልቪና «ኮረብታው ልብሱን ይልበስ እንጂ ማን ያልብሰው ማን ምን አገባህ፤ ፈርም» አሏቸው። ፈረሙ። ሣሩ እስኪይዝ ሦስት ዓመት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን ኮረብታው የሰው ወገብ በሚደርስ ሣር ተሸፈነ፤ የዱር ዶሮዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሱ። አቶ ሊያንደር በ2009 ሲያርፉ ወይዘሮ አልቪና ውሉን ብቻቸውን ጠብቀው በ2012 አደሱት።

ይህን ስንናገር ወይዘሮ አልቪናን ድጎማ ያልነኩ ቅድስት ልናደርጋቸው አይደለም። በቴልፎርድ ካውንቲ ድጎማ የማይበላ ቤት የለም። ስንዴ ሲረክስ ይከፈለናል፤ በረዶ ሲመታው ይከፈለናል፤ ሳንዘራ ስንቀርም ይከፈለናል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ከወንዙ ማዶ ባለው መሬቱ ይከፈለዋል። ዴንቨር ከተማ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር፣ ስንዴና አጃ አስቀምጠው ቢጠይቁት የማይለይ የገበሬ ልጅ ደግሞ «በእርሻ ሥራ ላይ የተሠማራ» ተብሎ ድርሻውን ይወስዳል። ይህን የምናውቀው ድጎማ የሚበላ ሁሉ ስሙ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ነው። ስለዚህ በዚህ ካውንቲ ድጎማ መብላት ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውር የተደረገው በአንዲት ባልቴት ላይ ብቻ ነው።

በማርች 2018 እሳት ከደቡብ መጣ። የዚያን ቀን የነበረውን ነፋስ ያየ አይረሳውም፤ የቤተ ክርስቲያኑን የብረት በር ከማጠፊያው ነቅሎታል። የብሩንጋርቶች የግጦሽ መሬት ከቀትር በፊት ተቃጥሎ አለቀ፤ የድርቆሽ ክምራቸውም አብሮ ነደደ። አቶ ዱዌን ብሩንጋርት ከብቶቻቸውን በጭስ ውስጥ እየነዱ ወደ ሰሜን ሸሹ። ከፊታቸው የነበረው የወይዘሮ አልቪና አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ጾም ያደረው ኮረብታ ነው። ወይዘሮ አልቪና የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ሲሆኑ ፒክ አፓቸውን ራሳቸው ነድተው ደርሰዋል። ልጃቸው ከርት ከእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ጋር በመኪናው ላይ ነበር፤ የሆነውን በዓይኑ አይቷል፣ በጆሮው ሰምቷል።

አቶ ዱዌን ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ወይዘሮ አልቪና! ለእግዚአብሔር ብለው በሩን ይክፈቱልኝ!» ብለው ጮኹ።

ወይዘሮ አልቪና የሽቦ በሩን ቀድመው ከፍተውት ነበር። «ምን ቆመህ ትለምነኛለህ? ንዳቸው እንጂ!» አሏቸው። ከብቶቹ በአንድ በር ማለፍ ስላልቻሉ ከኪሳቸው ፒንሳ አውጥተው የገዛ አጥራቸውን በሁለት ቦታ ቆረጡ። እሳቱን በጎ ፈቃደኞቹ ከኮረብታው በታች ባለው መንገድ ላይ አቆሙት። ከብቶቹ ተረፉ።

ተርፈውም የሚበሉት አልነበራቸውም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ያህል በዚያ ኮረብታ ላይ ሰነበቱ። በእሳቱ ዕለት ምሽት አቶ ዱዌን ስልክ ደውለው «እንዴት አድርጌ ልክፈልዎት?» ሲሉ ወይዘሮ አልቪና «ዝም ብለህ ተኛ» ብለው ስልኩን ዘጉት። በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ሻርሊን፣ የአቶ ዱዌን ባለቤት፣ አንድ የቼሪ ኬክ ጋግረው አመጡ። የሰው ሳህን ባዶ አይመለስምና፣ ወይዘሮ አልቪና ሳህኑን የዶሮ ሾርባ ሞልተው መለሱት። በእኛ አገር ይህ ኪራይ አይባልም። ሊባል እንደሚችል ያወቅነው በኋላ ነው።

ከእሳቱ በኋላ በነበረው ሰኞ ወይዘሮ አልቪና ማንም ሳይጠራቸው ወደ እርሻ ቢሮ ሄዱ። ውላቸው ከብት አይግባ ይላል፤ ከብት ገብቷል፤ ስለዚህ መናገር አለባቸው። ነገሩ ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ ውስብስብ አልነበረም። በድርቅ ዘመን ቢሮው ከብት እንዲገባ ፈቃድ ይሰጥ ስለነበር፣ ለእሳትም የሚሰጥ መስሏቸው ነበር። ይሰጣል፤ ግን አስቀድሞ ለጠየቀ ነው። እሳቱ ቀጠሮ አልሰጣቸውም።

በመስኮቱ የተቀመጠችው ወጣት ጸሐፊ ታሚ ደግ ልጅ ናት፤ ስሟን በክፉ አናነሣም። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ገብቷት እጇን አነሣች። «ወይዘሮ አልቪና፣ እባክዎን አይንገሩኝ። እኔ አሁን ምሳ እወጣለሁ። ስመለስ እርስዎ የሉም፤ ምንም አልነገሩኝም።»

«ምሳሽን በደንብ ብዪ ልጄ» አሏት ወይዘሮ አልቪና፣ «እኔ እዚህ ወንበር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ጠበቋት። ተመልሳ እያለቀሰች ጻፈችው።

ሕጉ በራሱ ጨካኝ አይደለም፤ ይህን በሚገባ አንብበናል። በአደጋ ምክንያት፣ ያለ ኪራይ፣ ከብት ያስገባ ሰው ከዚያ ዓመት ክፍያው ጥቂት ይቀነስበታል፤ በዚያ ያበቃል። ሣሩን በገንዘብ አከራይቶ በአደጋ ያሳበበ ሰው ግን ውሉ ይፈርሳል፤ የተከፈለው ሁሉ ውሉ ከታደሰበት ዓመት ጀምሮ ከነወለዱ ይመለሳል፤ ስሙም በአታላይነት ይመዘገባል። እንግዲህ የወይዘሮ አልቪና ስምና ኮረብታ የተንጠለጠለው በአንዲት ጥያቄ ላይ ነበር፤ ኪራይ ተቀብለዋል ወይስ አልተቀበሉም? ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ሰው ከእሳቸው ሌላ አንድ ብቻ ነው፤ የከብቶቹ ባለቤት።

ጉዳዩ የቀረበው ገበሬዎች ራሳቸው ለሚመርጡት የካውንቲው ኮሚቴ ነው። አባላቱ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢያቸው ማን እንደነበሩ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም፤ ግን ይህ ጽሑፍ ለሩቅ ዘመዶችም ስለሚደርስ እንናገረዋለን። ሰብሳቢው አቶ ዱዌን ብሩንጋርት ነበሩ።

የወይዘሮ አልቪና ስም ሲጠራ አቶ ዱዌን ከወንበራቸው ተነሡ። «ጎረቤቴ ናቸው፤ ሚዛኔ እንዳይዛባ በዚህ ጉዳይ አልቀመጥም» ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ይህን የሰሙ ሁሉ አደነቋቸው። «እውነተኛ ሰው ማለት ይህ ነው» ተባለ። በሳምንቱ የካውንቲው ጋዜጣም እንዲሁ አለ። እኛም ጠይቀን ነበር፤ ዳኛ እንዳይሆን ወንበሩን የለቀቀ ሰው፣ ምስክር ሆኖ ሊቆም ለምን እዚያው ክፍል ውስጥ አልቀረም? ጋዜጣው ደብዳቤያችንን አላወጣም።

ሁለቱ አባላት ጠየቋቸው።

«ከብቶቹ የማን ናቸው?»

«መሬቱ የተቃጠለበት ሰው ከብቶች ናቸው።»

«ስሙን ይንገሩን።»

«ስሙን የሚነግራችሁ እሱ ነው። የእኔ ወግ አይደለም።»

«ኪራይ ተቀብለዋል?»

«አልተቀበልኩም።»

«ምንም ነገር? በደንብ ያስቡ፤ ምለው ነው የሚናገሩት።»

ወይዘሮ አልቪና በእውነት አሰቡ። «አንድ የቼሪ ኬክ» አሉ። ከዚያም እውነቱ ሙሉ እንዲሆን «ታቹ አሯል» ብለው ጨመሩ።

አባላቱ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ውሳኔያቸው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ባለመሬቷ ከከብቶቹ ባለቤት ክፍያ በዓይነት መቀበላቸውን በመሐላ አምነዋል፤ የባለቤቱንም ማንነት ሆን ብለው ደብቀዋል።» ኮሚቴው የከብቶቹን ባለቤት አላፈላለገም። የሚፈልግ ቢሆን ሩቅ አይሄድም ነበር፤ በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ማየት ይበቃው ነበር።

«ለምን ስሙን አልተናገሩም?» የሚል ካለ፣ ያ ሰው የዚህ አገር ሰው አይደለም። በእሳት ወይም በበረዶ ማዕበል ቀን የሌላውን ከብት ያስጠጋ ሰው የማንን እንዳስጠጋ አይናገርም፤ መናገር ዋጋ መጠየቅ ነውና። የሚናገረው የተረዳው ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ በጸደይ እራት ላይ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተረዳ ሰው ተነሥቶ የረዳውን በስሙ ያመሰግናል። በዚያ ዓመትም እራቱ ነበር። እሳቱ የነካቸው ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥተው አመሰገኑ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ወደ አቶ ዱዌን ተመለከተ። አቶ ዱዌን ወደ ሳህናቸው ተመለከቱ። ወይዘሮ አልቪና ተነሥተው የሰው ሳህን ማንሣት ጀመሩ፤ ዝምታው እንዳያሳፍራቸው ብለው ነው። አቶ ዱዌንን ማለታችን ነው፤ ወይዘሮ አልቪና የሚያፍሩበት አልነበራቸውም።

በዚያ እራት ላይ የነበራችሁ ከመቶ በላይ ነበራችሁ። በከብቶቹ ጭን ላይ የተተኮሰውን የብሩንጋርቶች ምልክት በመንገድ ስታልፉ ሦስት ሳምንት ሙሉ አይታችሁታል። ለምን ዝም አላችሁ? እኛ እንመልስላችኋለን። የእያንዳንዳችሁ የድጎማ ማመልከቻ በዚያው ሰው ፊት ያልፋል። በጎተራው ካፌ የተባለውን ሰምተናል። «አልቪና ራሷ ናት ሄዳ የተናገረችው፤ ማን ጠየቃት?» ተባለ። «ሕግ ሕግ ነው» ተባለ። አንዱ ደግሞ «ከመናዘዣው ሳጥን ውጭ የሚናዘዝ ሰው ዕዳው የራሱ ነው» ብሎ ጠረጴዛውን አሳቀ። ይህን ያልከው ሰው እዚህ አለህ፤ የሳቃችሁትም አላችሁ። በሐቀኝነቷ የምትቀልዱባት ሴት ግማሾቻችሁን በአንድ ወቅት ከበረዶ አውጥታ በቤቷ ያሳደረች ናት።

ወይዘሮ አልቪና ለክልሉ ይግባኝ አሉ። ይግባኝ ሰሚው ክፉ ሰው አልነበረም። «የልጅ ምስክርነት ለእናት አይበቃኝም፤ የከብቶቹ ባለቤት ኪራይ አልከፈልኩም ብሎ በመሐላ አንድ መስመር ይጻፍልኝና ውሳኔውን እሽረዋለሁ» አለ። አንድ መስመር ነው። ከርት ያችን መስመር ለመለመን አቶ ዱዌንን በከብት ጨረታው ግቢ አገኛቸው።

«ከርት፣ እናትህን እንደ እናቴ ነው የማያቸው» አሉ አቶ ዱዌን።

«የገዛ እናትህ ብትከሰስም ኮሪደር ላይ ቡና ትጠጣ ነበር?»

«አትጩህ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ፈርምልኝና ዝም እላለሁ።»

አቶ ዱዌን ወደ በረቱ ጥግ ወሰዱት። «እየው፣ በእነዚያ ሳምንታት ድርቆሽ ገዝቼ እንዳበላኋቸው ነው ያስመዘገብኩት። የመኖ ካሣውን ተቀብያለሁ። አሁን ተነሥቼ የእናንተን ሣር ነበር የበሉት ብል ምን እንደሚያደርጉኝ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ከርት። «እናቴን ያደረጓትን ያደርጉሃል።»

አቶ ዱዌን አልፈረሙም። ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ከርት ይህን ለመንግሥት መርማሪዎች ሊናገር በተነሣ ጊዜ የከለከሉት ወይዘሮ አልቪና ናቸው። «ጎረቤቴን ከስሼ አልሞትም። ራሱ ይምጣ» አሉ። ጃኔል ከሳላይና ከተማ ድረስ መጥታ ለመነቻቸው፤ ተቆጧት። እኛም ለመንናቸው፤ እኛንም ተቆጡን። ቃላቸውን እስከ ሞቱበት ቀን አክብረናል።

በ2020 መከር ዕዳውን ለመክፈል ኮረብታው በሐራጅ ተሸጠ። የገዛው ከሌላ ክልል የመጣ፣ መሬቱን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ኩባንያ ነው። ሣሩን በመርዝ አቃጥሎ አረሰው። ድጎማም ይበላበታል፤ የስንዴ ዋጋ ሲወርድ እንደማንኛችንም ይከፈለዋል። ወይዘሮ አልቪና በሰሜኑ መስኮት ፊት ያለውን የኩሽና ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ሌላው ግድግዳ አዞሩት። ከዚያ ወዲያ ስለ መሬቱ ሲናገሩ የሰማ የለም። ስለ ስማቸው ግን ይናገሩ ነበር። ከቢሮው የሚመጣ ማንኛውም ወረቀት ላይ ያ ቃል ስለሚታተም፣ ፖስታውን ከመክፈታቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቁ ነበር።

በ2021 መጨረሻ የልብ ድካም ያዛቸው። በኖይፌልድና በሳላይና ሆስፒታሎች ሲታከሙ ቆይተው፣ በራሳቸው ጥያቄ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጃኔል ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አስታመመቻቸው። በሕመማቸው ወራት አባ ሌዮ በየሳምንቱ ቅዱስ ቁርባን ያመጡላቸው ነበር። የቤቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና ብለው «ዱዌን ነው?» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ እሱ አልነበረም። ፖስተኛው ነበር፤ ነርሷ ነበረች፤ ወይዘሮ ሻርሊን አንድ ቀን መጥተው እጃቸውን ይዘው አልቅሰው ሄደዋል፤ ባለቤታቸው መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቋቸው። ወይዘሮ አልቪና መኪናውን በመስኮት አይተው «ብርድ ነው፣ አስገቡት» ብለዋል። ጃኔል ወጥታ ጠራቻቸው። አቶ ዱዌን መስታወቱን ዝቅ አድርገው «ጫማዬ ጭቃ ነው» አሏት።

ወይዘሮ አልቪና በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2023፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ቆመው የመቁጠሪያ ጸሎት ሲያደርሱ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከባለቤታቸው ከአቶ ሊያንደር፣ ከሕፃን ኦቶና ከሰባት ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ኋላ የተጠሩት ወይዘሮ አልቪና፣ ሴት ልጃቸውን ጃኔልን፣ ወንድ ልጃቸውን ከርትንና ባለቤቱን ሎሪን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ኤርማን ትተው አልፈዋል። በሐሰት ለተፈረደባቸው ጠበቃ የሆነው አምላክ ነፍሳቸውን በደግ እጁ ይቀበልልን፤ ለእኛም ከቁጣችን የሚበልጥ ትዕግሥት ይስጠን፤ እስካሁን አልሰጠንም።

አንድ ነገር ይቀራል። ኮረብታው አይመለስም፤ አንጠይቅም። ገንዘቡም ሄዷል። መዝገቡ ግን ዛሬም ክፍት ነው፤ ይግባኝ ሰሚው የከብቶቹ ባለቤት ቃል በደረሰው ቀን፣ ባለጉዳይዋ ቢሞቱም ያን ቃል ከስማቸው እንደሚሰርዝ በጽሑፍ አረጋግጦልናል። እኛ እንደ እሳቸው ፈቃድ ማንንም አንከስም። እንጠይቃለን።

አቶ ዱዌን ብሩንጋርት፣ የወይዘሮ አልቪናን የሬሳ ሣጥን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እንዲሆኑ ቤተሰቡን ጠይቀዋል። ከርት እሺ ብሏል፤ በስተግራ ያለው የፊት እጀታ የእርስዎ ነው። ነገር ግን እጀታውን ከመያዝዎ በፊት መዝሙሩ ትንሽ ይቆያል። የእሳት አደጋ ሰዎቹ እዚህ አሉ፤ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት እዚህ አሉ፤ ታሚ እዚህ አለች፤ ባለቤትዎ አጠገብዎ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሣሩን የበሉት ከብቶች የማን ነበሩ? ለዚያ ሣር ለወይዘሮ አልቪና ምን ከፈሉ? አሁን ይነሡና፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ።